ሻይሽ ቀዘቀዘ

ከልዑልሰገድ ጋር የተዋወቅነው ሐዋሳ፣ በሞባይል መተግበሪያ ሠሪዎች ጉባኤ ላይ ነው። መድረክ ላይ ቆሜ ሥራዬን ሳቀርብ አንድ ቀጭን ልጅ ሊጠይቅ ተነሣና ከድንጋጤው የተነሣ "አንቱ" ብሎ ጠራኝ። እኩያዬ እኮ ነው! አዳራሹ ሙሉ አውካካበት፤ እሱን ላብ አጠመቀው።

በሻይ ሰዓት ፈልጌ አገኘሁትና፣ "ማንም ሰው ሁለተኛ እንዲህ እንዳያፍር የሚያደርግ ነገር እንሥራ" አልኩት። ሠራን። ተጋባንም።

ዛሬ ያ ሥራችን በሁሉም ሰው ጆሮ ውስጥ አለ። ተናጋሪው አፉ እንዳመጣለት ቢናገር፣ የምስር ፍሬ የምታህል መሣሪያ በሰሚው ጆሮ ውስጥ ሆና ለሁለቱ ዕድሜ በሚገባው አጠራር አስተካክላ ታሰማለች። "አንተ" ተብሎ የተቀየመ ሽማግሌ ካየሁ ስንት ዘመኔ!

ትናንት ስልሳ ዓመት ሞላኝ። ዛሬ ጠዋት ባሌ ከኩሽና ተጣራ።

"ወይዘሮ ውዳላት፣ ሻይዎ ቀዝቅዟል።"

ድምፁ የራሱ ነው፤ አነጋገሩ ግን የቀበሌ ጸሐፊ። ስልሳ የሞላው ሰው በታናሹ "አንቱ" ይባል ብለን መሣሪያዋን ያስተማርናት እኛው ነን። ዕድሜ ልኬን አብሮኝ የኖረ ሰው በአንድ ሌሊት ባዳ ሆነብኝ። ፍሬዋን ከጆሮዬ አውጥቼ አበባ ማስቀመጫው ውስጥ ጣልኳትና፣ "ምን አልክ? አልሰማሁህም!" አልኩት።

"አንቺ ልጅ! ሻይሽ ቀዘቀዘ እኮ! ስንቴ ልጥራሽ?"

"መጣሁ፣ አንቱ!"

እሱ ስልሳ ሊሞላው ገና ወራት ይቀሩታል። ፍሬዋ ጆሮው ውስጥ ካለች "አንተ" ብላ አርማ ነው የምታሰማው። ልዑልሰገድ ግን እስኪያስለው ሳቀ።

ለካ ቀድሞኝ አውጥቷታል።