የትግል አባት ቃል

«እንዳይናገሩ፣ ጋሼ» አለ ኢብሮ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «በአላህ ይዤዎታለሁ።»

ትግል ያሠለጠነው በድሩ በመዳፉ ቅቤ አንስቶ የኢብሮን ጀርባ ማሸት ቀጠለ፤ ቅቤው ገና ሳይታሽ ቀለጠ። ኢብሮን ንዳድ ከያዘው ሦስተኛ ቀኑ ነው። የሸዋ ሮቢት ንዳድ ደግሞ ጎበዝ ከፈሪ አይለይም።

መንገድ የሚያሠራው ጣሊያን ግራሩ ጥላ ሥር ወንበር አስዘርግቶ ይጠብቃል። ኢብሮን ጨምሮ እንደ በቅሎ የሚመካባቸው ሰባት ታጋዮች አሉት። በየገበያው ቀን ያታግላቸዋል፤ እስከታገሉለት ድረስ ገደል ላይ ድንጋይ አይፈልጡም። ባለፈው ወር አንዱ አሞኛል ብሎ ቀረ። ወደ ገደሉ መለሱት፣ በሦስተኛው ቀን ናዳ በላው። ያንን ኢብሮም በድሩም ያውቃሉ።

በአገሩ ደንብ ታጋይ ከመግባቱ በፊት ሽማግሌ ይጠይቃል፣ ያሠለጠነው የትግል አባት ይመልሳል። ትግሉ ሲያበቃም ያው ጥያቄ ይደገማል። ሼህ አብዱረሂም ከዘራቸውን ተክለው ቆሙ።

«የትግል አባት፣ ልጅህ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አለ በድሩ።

ተጋጣሚው፣ የማጀቴው አብዱልሀኪም፣ ኢብሮን ወገቡን ገና ሲይዘው ደነገጠ። ለቀቀውና ወደ ኋላ አለ።

«ጋሼ በድሩ፣ ይሄ ሰው እሳት ነው። እኔ በሽተኛ አልታገልም።»

ጣሊያኑ ፊሽካውን ነፋ። «ያልታገለ ነገ ድንጋይ ይፈልጣል ይላሉ» አለ አስተርጓሚው።

ሼሁ ወደ በድሩ ዞሩ። ትግሉ ሳያበቃ ሁለተኛ መጠየቅ በደንቡ የለም፤ ቃሉን የሚመልስበት ዕድል ሊሰጡት ፈልገው ነው። «በድሩ፣ አላህን ፍራና ንገረኝ። ልጁ ደህና ነው?»

ኢብሮ ዓይን ዓይኑን እያየ ይለምነዋል። ብቻ ዛሬ ይለፍ፤ ነገ ይተኛል፣ እናቱ ናፊሳ አጥሚት ታጠጣዋለች፣ በሳምንቱ ይነሳል አለ በድሩ በሆዱ። ሰው ራሱን ሲያታልል ብልሃት አያጣም።

«ደህና ነው።»

አብዱልሀኪም እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ያዘው። ሊጥለው አልሞከረም። ኢብሮ ራሱ መጥቶ ትከሻው ላይ ተደገፈ፤ ከዚያ ጉልበቱ ከዳውና ከእጁ አምልጦ በጀርባው ወደቀ።

ያሸነፈ፣ የወደቀውን አንስቶ ከጀርባው አቧራ ማራገፍ አለበት። አብዱልሀኪም አነሳው። የኢብሮ አንገት አልቀና አለ። እያለቀሰ ያራግፍለት ጀመር፣ ቅቤው ግን አፈሩን ይዞ አልለቅ አለ።

ጣሊያኑ ወንበሩን አስነስቶ ሄዷል።

ሼሁ ጎንበስ ብለው የልጁን ደረት አዳመጡ። «ኢና ሊላሂ» አሉ። ሲነሱ ድምፃቸው ተሰብሯል፤ ደንቡ ግን ደንብ ነው።

«የትግል አባት፣ ልጅህ ደህና ነው?»

በድሩ አፉን ከፈተ። በቅቤ የወዛ መዳፉ ገና ይሞቅ ነበር።