የእትዬ ጦቢያ ዘይት

አስመላሽ ቤተ ክርስቲያኗን የናቃት ገና ደረጃውን ሲወጣ ነው። ካዛንችስ ውስጥ ከጎሚስታ በላይ ያለች አንዲት የሜቶዲስት አዳራሽ ናት፤ ፓስተሩ ጸሎት ሲጀምር ከታች የጎማ መንፊያው ይጮኻል። ምዕመኑ ሠላሳ ቢሞላ ነው። ከሠላሳው ደግሞ ሜቶዲስት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጀምሮ የሚጨርስ አንድ አይገኝም። «ይቺም ቤተ ክርስቲያን ተብላ!» ይል ነበር በልቡ። ግን አንድም እሁድ ቀርቶ አያውቅም።

ምክንያት ነበረው። የቤተ ክርስቲያኗ በጎ አድራጎት ሰብሳቢ ቤት ቀይሮ በመሄዱ ወንበሩ ባዶ ነበር። ዕድሜውን በቁጥጥር ሹምነት የጨረሰ ሰው እያለ ሌላ ማን ሊቀመጥበት ኖሯል? አስመላሽ በሹመቱ ዘመን የባለጉዳይ ሻይ እንኳ አልቀመሰም። ጎረቤቶቹ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ ሲተርቱበት፣ እሱ እንደ ምስጋና ነበር የሚሰማው። ሻይ በዳቦ ራት የሚያደርገውም ለጤናው እንደሆነ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገራል።

ሚስቱ በሞተች በዓመቱ፣ አንድ እሁድ በአምልኮ መሀል ተዝለፍልፎ ወደቀ። ዓይኑን ሲገልጥ «መንፈስ ነው የጣለኝ» አለ። ሰዉም «አሜን» ብሎ ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጣው።

በሳምንቱ ወጣቱ ፓስተር ኢያቄም ለብቻው ጠራው።

«ጋሼ አስመላሽ፣ የቤት ለቤት ጉብኝት ልንጀምር ነው። እርስዎ ሐሙስ ሐሙስ እትዬ ጦቢያ ቤት ብቅ ቢሉስ? መቼም ብቸኝነት ሰው ይጎዳል።»

«የታዘዝኩትን እፈጽማለሁ» አለ አስመላሽ። ሹመት የሚጀምረው እንዲህ ባለ ጥቃቅን ሥራ እንደሆነ ያውቃል።

እትዬ ጦቢያ ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀርባ የሚኖሩ፣ ሰባ የሚጠጋቸው መበለት ናቸው። አስመላሽ በመጀመሪያው ሐሙስ ቤቱን ቃኘና አፉን አጣመመ። ሁለት ክፍል አከራይተዋል። ፍሪጅ አላቸው። ዱባይ ያለችው ልጃቸው በየጊዜው ትረዳቸዋለች። እኔ የማጽናናው ይቺን አሮጊት ነው? አለ በሆዱ።

ለመጽናናትም አይመቹም። ገና መጽሐፍ ቅዱሱን ሳይከፍት ሽሮውን ያቀርቡለታል።

«ብላ እንጂ አስመላሽዬ! ኧረ ጉርስ አድርግ፣ ወፍ ነህ እንዴ?»

የደም ግፊት ክኒኑን መዋጡን ይጠይቁታል። ኮቱን አስወልቀው የተበጠሰ ቁልፍ ይተክሉለታል። ስለ እርስዎ ምን ልጸልይ ሲላቸው፣ «ለኔስ ተመስገን ነው፤ ይልቅ ላንተ እንጸልይ» ይሉታል። ሊወጣ ሲል ደግሞ የተሞላ ምሳ ዕቃ በፌስታል ይዘው በር ላይ ይታገሉታል። ምግብ መጣል ኃጢአት ስለሆነ ብቻ ይቀበላቸውና ቤቱ ገብቶ ጥርግ አድርጎ ይበላዋል።

አስመላሽ ግን የዋዛ አይደለም። ይሄ ሁሉ ደግነት በእሱ ቋንቋ አንድ ስም አለው፤ ጉቦ። ሰው ሰውን በነጻ አያበላም! የሚሸፍኑት ነገርማ አለ። ምን ይሆን?

በጥር አንድ ሐሙስ መልሱን አገኘ። እጁን ሊታጠብ ጓዳ ቢገባ፣ የቤተ ክርስቲያኗ ምልክት የተለጠፈበት የዘይት ጀሪካንና የዱቄት ከረጢት ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ለችግረኛ የሚታደለው ነው! ደሙ ፈላ። ተከራይ እያላት፣ ፍሪጅ እያላት፣ ከድሃ አፍ የምትነጥቅ! ሽሮውን ጨርሶ፣ ምሳ ዕቃውን ይዞ ወጣ። ሰብሳቢነቱም በዚሁ እጁ እንደገባ ታየው።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ እንደተለመደው ሻይና ዳቦ ቀረበ። ሰዉ ወንበሩን ስቦ በክብ ተቀመጠ። አስመላሽ ጉሮሮውን ጠረገና ተነሳ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ! እዚህ መሀላችን ድሃ መስሎ የድሃ ዘይት የሚወስድ ሰው አለ።»

ፓስተሩ ደነገጠ። «ጋሼ፣ ቢሮ ገብተን ብንነጋገርስ?»

«ለመሸፋፈን? የለም፣ እዚሁ! እትዬ ጦቢያ ናቸው። ዘይቱን በጓዳቸው፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ዛሬውኑ ከእርዳታው ይወገዱ!»

እትዬ ጦቢያ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። አስመላሽ ኮራ፤ ሌባ ሲያዝ እንዲህ ነው።

እርዳታውን የምታድለው አስቻለች ግን ኩባያዋን ጠረጴዛው ላይ ጓ አደረገችው።

«ኧረ በቃ! እትዬ ጦቢያ ለራሳቸው ጠብታ አልወሰዱም። የሚወስዱት እኛው ለመደብንላቸው ችግረኛ ነው። ኩሩ ሰው ነው፤ እርዳታ ቢሉት አይቀበልም። እንዳያፍር ብለው የራሳቸውን እየጨመሩ ያበሉታል።»

«ተይ አስቻለች፣ በእናትሽ ተይ» አሉ እትዬ ጦቢያ ከነጠላቸው ውስጥ።

አስመላሽ ሳቀ። ተረት! እንዲህ ዓይነቱን ተረት መሥሪያ ቤት ሳለ ስንቱ አውርቶለታል።

«መልካም! ይሄ ኩሩ ችግረኛችሁ ታዲያ የታለ? ከመሀላችን ካለ እስቲ ብድግ ይበልና እንየው! ይቁም ነው የምላችሁ!»

ማንም ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። ሁሉም ኩባያው ላይ አቀረቀረ።

በአዳራሹ ውስጥ የቆመው አስመላሽ ብቻ ነበር።