ለማንም ያልተሰጠ ዓርብ

«ማክሰኞስ?» ይላሉ ቄስ ወልደ ጻድቅ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ማክሰኞ የጎረቤታችን የተስፋው አውድማ ነው» ትላለች ሚስታቸው ይታየሽ። እሳቸው መደቡ ላይ ተኝተዋል፤ እሷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ገብስ ታበጥራለች።

ረቡዕስ ይሏታል። ረቡዕ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ነው፤ የቀረ ይቀጣል። ለቀብር ብሎ የቀረም? ለቀብር ብሎ የቀረም። ሊቀ መንበሩ አሥራተ ማርያም ባለፈው ጊዜ፣ ቀብር ያለበት ሰው አስቀድሞ ያስታውቅ ብሏል።

«ታዲያ እኔ እያስታወቅሁ አይደል?»

ይታየሽ ሰፌዱን ከፍ ዝቅ ታደርገዋለች።

ቄሱ የሚሞቱበትን ቀን እየፈለጉ ነው። ትኩሳቱ ከያዛቸው ወዲህ ተናዝዘዋል፣ ቆርበዋል፣ ካባቸውን ለማን እንደሚተዉ ተናግረዋል። ከዚህ ሳምንት አላልፍም ብለዋል፤ የቀራቸው ቀኑ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድን ከመጀመሪያው ትተዋቸዋል፤ ሰው የሚያርፍበትን ቀንማ አልቀማውም ብለው።

ደሃና ውስጥ ሰው ሲሞት መንደሩ ሥራ ይፈታል። ገሚሱ ይቆፍራል፣ ገሚሱ ያለቅሳል፣ አውድማ ላይ የቀረውን ፍየል ይበላዋል። የቄሱ አባት በተቀበሩበት ዕለት ሰዉ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ በረዶ ወርዶ፣ ለአጨዳ የደረሰውን ገብስ ማሳው ላይ አራግፎታል። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። እሳቸው ግን ያን ዓመት ሰው ቤት ማዕድ በቀረበ ቁጥር ጠግቤያለሁ ይሉ ነበር።

ሐሙስ የአልጣሽ ነው። አልጣሽ ባሏ የሞተባት ናት፤ ወንድሟ ከሰሃላ በሬዎቹን የሚልክላት ለዚያች ቀን ብቻ ነው።

«የአልጣሽስ አይነካም» ይላሉ ቄሱ። ትንሽ ያርፋሉ። «ዓርብስ?»

ሰፌዱ ይቆማል።

ዓርብ የማንም አይደለም። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤቶች በየተራ የሚወቁበትን ቀን ሲደለድሉ፣ ተስፋው ዓርብ ላይ ሲደርስ፣ አንድ ቀን ክፍት ይሁን፣ የሚመጣው አይታወቅም አለ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ሁሉም ወደ መሬት አየ፤ ወደ እሷ ላለማየት። ይታየሽ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ወደ ቤቷ ገባች። ደጎች ናቸው። ዓርብን ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጠላችው።

«ዓርብ ሠርግ አለ» ትላለች።

ያለችውን የሰማችው ካለችው በኋላ ነው። የነቢያት ጾም ገና መጋመሱ ነው፤ በጾም ሠርግ የለም፣ ያውም በዓርብ። ይህን ደንብ ለመንደሩ ሲያስተምሩ የኖሩት ደግሞ እፊቷ የተኙት ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ በጾም ልጁን ሊድር የመጣ ባለጸጋ ከነሙክቱ ከደጅ መልሰዋል።

ቄሱ ዓይናቸውን ይገልጣሉ።

«የማን ሠርግ?»

«የጸሐይነሽ።» ጸሐይነሽ የእኅቷ ልጅ ናት። ለማንም አልታጨችም።

«ዓርብ?»

«ዓርብ።»

«ማን ሊያጋባቸው?»

ይታየሽ ሰፌዱን ጭኗ ላይ ታሳርፋለች። «እርስዎ ነዎት እንጂ» ትላለች፤ «እኔ ሌላ ማን አለኝ?»

ጥያቄው ስለ ሠርጉ ነበር። ሁለቱም ያንን አያነሡም።

ቄሱ ያዩዋታል። ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር የለም፤ ባልና ሚስት ሲያስታርቁም እንዲሁ ናቸው። ከዚያ በክርናቸው ተደግፈው ቀና ይላሉ። ከታመሙ ወዲህ ቀና ብለው አያውቁም።

«በጾም አይሆንም» ይላሉ። «ዓርብን ተራ ላልደረሰው ሰው ስጡት። ሠርጉን ለጥር አዛውሩት። በጥር እኔው አጋባቸዋለሁ።»

«በጥር» ትላለች ይታየሽ።

«ከጥምቀት ወዲያ። ከጥምቀት በፊት ጊዜ የለኝም።»

ውሃ ይጠይቋታል። ተነሥታ በቅል ትሰጣቸዋለች፤ ይጎነጫሉ፣ አረፍ ብለው ይደግማሉ። ቅሉን ሲመልሱላት፣ ለመሆኑ ሙሽራው የማን ልጅ ነው ይሏታል።

ይታየሽ ቅሉን እንደያዘች ወደ ደጅ ትወጣለች። ከቤቱ በታች ጎረምሶች ገብሱን በመንሽ እያነሡ ለነፋስ ይሰጣሉ፤ ገለባው በላያቸው ይበራል። እሷም እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ፀሐዩን ትከልልና፣ አንድ በአንድ ታማርጣቸዋለች።