የጨው ሽታ

ማንኪያው ከሻረው አፍ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው እቴቴ ካሳነሽ እጁን ያዘችው።

«ገና ሰባት ሰዓት ነው!»

«ልተፋው ነው እቴቴ። ጨዉን ብቻ ልቅመስ።»

«እግዜር የሚያይህ ስትውጥ ብቻ መሰለህ? አስቀምጥ!»

ሻረው ወንድሜ ነው። ጨነቅ ካምፕ ለቱሪስት ሲያበስል ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሯል፤ ሳይቀምስ ያወጣው ሳህን የለም። አሁን ከዳባት ወጣ ብሎ ያለውን፣ ቅድመ አያታችን ያሠራውን ባለ ደርብ የድንጋይ ቤት ምግብ ቤት እያደረገው ነው። ከብት ያድርበት የነበረው ምድር ቤት ታጥቦ፣ ተለስኖ፣ ረጃጅም ጠረጴዛ ገብቶበታል። ቱሪዝም የተማርኩት እኔ ነኝ። ሰሌዳውን ያጻፍኩት፣ ጎንደር ካሉት አስጎብኚዎች ጋር የተነጋገርኩትም እኔ ነኝ። ነገ ሁለት መኪና ሙሉ ፈረንጅ ይመጣል።

ከነገ በፊት ግን ዛሬን ማለፍ አለብን። እቴቴ የአባታችን እኅት ናት፤ ያሳደገችን እሷ፣ በቤቱ የምትኖረውም እሷ። ቤቱን የፈቀደችልን በአንድ ቃል ነው፦ መጀመሪያ ካህኑና ጎረቤቱ በልተው «ይባረክ» ይበሉ፤ ካላሉ ጓዳዬን አልለቅም። ዐቢይ ጾም ነው። ሠላሳ ሰው በዘጠኝ ሰዓት ከቅዳሴ ወጥቶ ይመጣል። እስኪባረክ ድረስ ከድስቱ ማንም አይቀምስም። ወጡን ወንድ እንደሚሠራው ደግሞ ለማንም አልተነገረም። አገሬው በዚህ ይስቃል፤ እንዳይነገር ያልኩት እኔ ነኝ።

«ለመሆኑ ጨው ስንት ጨመርክ?» አለችው እቴቴ።

«ልክክ አድርጌ ነው። ጧት፣ ቁሌቱ ላይ።»

እቴቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እኔም ጨምሬያለሁ።»

«እንዴት? እኔ እየሠራሁት?»

«ጨው የሚጨምረው ድስቱን የጣደ ሰው ነው። የጣድኩት እኔ ነኝ። በዚህ ጓዳ ሁለት እጅ ጨው አይነካም፤ ማን አስነካህ?»

ነገሩ ገባኝ። ማንም በማይቀምስበት ጓዳ ጨው የአንድ ሰው ኃላፊነት መሆን አለበት። ሻረው ይህን ከየት ያውቃል? ጨነቅ ላይ ጨው የጠፋበትም የበዛበትም በማንኪያ ነው የሚለየው።

«እኔ ልቅመሰው» አልኩ። «እኔ አልጾምም።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

«አንቺ?» አለ ሻረው። «ሻይ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር የምትጨምሪው?»

«ካህን ያልባረከውን!» አለች እቴቴ።

እነሱ ጭቅጭቁን ሲቀጥሉ ጣቴን ከማማሰያው ጫፍ አስነክቼ ላስኩ። ጨዉ ጆሮዬ ድረስ ተሰማኝ። ይህን ሽሮ ለሠላሳ ሰው ማቅረብ ቤቱን ሳይከፍቱ መዝጋት ነው። ልናገር አልኩ። ግን ብናገር እቴቴ ድስቱ ተነክቷል ብላ ትደፋዋለች፤ የቀረን የሽሮ ዱቄት ደግሞ ግማሽ ድስት አይሞላም።

እቴቴ ክዳኑን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ አነሣችና ጎንበስ አለች። እንፋሎቱን ቀስ ብላ ሳበችው።

«በዝቷል» አለች።

«ጨው ሽታ የለውም» አልኩ፣ ጣቴን ከኋላዬ ደብቄ።

«ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩሽም እንጂ አለው። ና አንተ።»

ሻረው ነጭ ቆቡን አውልቆ ከጎኗ አጎነበሰ።

«ምን ይሸትሃል?»

«ነጭ ሽንኩርት።»

«ከሱ ሥር።»

«በርበሬ።»

«ከሱም ሥር። አትቸኩል፤ እንደ እኅትህ አትሁን።»

ብዙ ቆየ። ላቡ ከአገጩ ሊንጠባጠብ ሲል እቴቴ በመዳፏ ጠረገችለት።

«አፍንጫዬን የሚቆነጥጥ ነገር አለ» አለ በመጨረሻ።

«እሱ ነው።»

ግማሹን ቀነሱ። ሻረው ጨው ያልነካው ቁሌት አቁላልቶ፣ ውሃውን አንተክትኮ፣ የቀረንን ዱቄት በተነና ድስቱ ውስጥ ከተረፈው ጋር ቀላቀለው። በየመሃሉ ሁለቱም ያሸታሉ። እኔ ማሽተቱ ሰለቸኝና ሳህን ላጥብ ሄድኩ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ቤቱ ሞላ። ቄስ ወልደ ሩፋኤል ባረኩ፣ ቆረሱ፣ ጎረሱ። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። የቀረበላቸውን አጋመሱ። ሻረው ከጓዳው በር ጀርባ ቆሟል፤ ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ካሳነሽ፣» አሉ ቄሱ፣ «እጅሽ ዛሬም ያው ነው። ቤቱም ማዕዱም ይባረክ።»

በቃ፣ የፈለግነውን አገኘን። ዝም እንድትል በዓይኔ ጠቀስኳት። አየችኝ፤ አይታም ተወችኝ።

«እጁ የእኔ አይደለም አባቴ። አፍንጫው ብቻ ነው የእኔ። እጁ የሻረው ነው።»

ጎረቤታችን ትዕዛዙ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ቀረ። «ወንድ የሠራውን ነው እንዴ የበላሁት?»

«ሁለተኛ እንጀራህን ጀምረሃል» አለችው እቴቴ። «ካልፈለግህ መልስ።»

መጀመሪያ የሳቁት ቄሱ ናቸው፤ ከዚያ ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። «በሉ ይምጣ፤ ልጁ ቆሞ ይውላል እንዴ?» አሉ ቄሱ።

ሻረው ወጥቶ ከትዕዛዙ ጎን ተቀመጠ። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ጠቀለለና ጎረሰ፤ ቀስ ብሎ ያኝክ ጀመር።

ቄሱ ሲጎርሱ እቴቴ ቀና ብላ እንኳ አላየችም ነበር። አሁን ለትዕዛዙ ውሃ እየቀዳች ነው። ብርጭቆው ሞልቶ ውሃው በጠረጴዛው ላይ ይፈሳል፤ ትዕዛዙ «ኧረ በቃ!» ይላታል። እሷ ጆጉን እንዳዘነበለች የሻረውን መንጋጋ ታያለች፣ እስኪውጥ።