ኮሎኔሉና አጋዘኑ

ጡረተኛው ኮሎኔል ደምሰው የዱር እንስሳት ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበር ከሆኑ ወዲህ ስለ ተፈጥሮ ሳይሰብኩ ውለው አያውቁም። ያን ቀን የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ኤልዳናን ይዘው፣ የቴሌቪዥን ካሜራ አስከትለው ባሌ ተራራ ወጡ።

ከቁጥቋጦው መሃል አንድ ቀንዳም የደጋ አጋዘን ብቅ አለ። ኮሎኔሉ እንባ በተናነቀው ድምፅ፣ «አየሽ የኔ ልጅ፣ በዚህ ፍጡር ላይ የሚተኩስ ሰው ልብ የለውም» አሉ።

ካሜራው ወደ ልጅቷ ዞረ። ኤልዳና አጋዘኑን ከቀንዱ እስከ ሰኮናው አይታ በደስታ ዘለለች።

«አባባ! ይሄኛው እግርም ጅራትም አለው! አንተ ሳሎን የሰቀልከው ግን ለምን ጭንቅላቱ ብቻ ሆነ?»

«አጥፋው! ካሜራውን አጥፋው!» ብለው ኮሎኔሉ ሲያንባርቁ አጋዘኑ በርግጎ ጫካ ገባ።