ከጥቅሉ የሚወጡት

መምህር ፈቃዱ በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልካቸውን ያያሉ። ልማድ ነው፤ ልማድ ማለት እንኳ ያንሰዋል፣ ጸሎት ነው። የሚጠብቁት አንዲት ቁጥር ብቻ ነች፤ የአዋሽ ወንዝ የዕለቱ ከፍታ። ያችው ቁጥር ከሶደሬ በታች በወንዙ ዳር ለሚያርሱ ስልሳ፣ ይቅርታ፣ ስልሳ አራት አባወራዎች ትደርሳለች። ሦስት ሜትር ካለፈች ልጁም ከብቱም ወደ ዳገት ይወጣል።

መልእክቱን የሚልከውን ፕሮግራም የጻፉት እርሳቸው ናቸው። በጡረታ ዘመናቸው የተወለደ ልጅ ነው ቢባል አይጋነንም። በገበሬዎቹ ማኅበር ቢሮ፣ ከወንዙ አፋፍ፣ አንድ ኮምፒውተር ላይ ተጭኗል። ወንዙ ውስጥ ቁጥር በተጻፈበት ምሰሶ ላይ ከታሰረው መሣሪያ ጋር የሚነጋገረው ፕሮግራሙ ከተጻፈበት የኮምፒውተር ቋንቋ ጋር አብሮ በሚመጣ አንድ አሮጌ ሞጁል፣ ማለትም ተዘጋጅቶ በተቀመጠ የፕሮግራም ክፍል፣ አማካይነት ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የቋንቋው ባለቤቶች ዝርዝር አወጡ። ያረጁና ተንከባካቢ ያጡ ሞጁሎች ከአዲሱ እትም ጥቅል እንደሚወጡ አስታወቁ። የመምህሩ ሞጁል ከዝርዝሩ ውስጥ ነበረ፤ እሱ ከሌለ ፕሮግራሙ ወንዙን ማንበብ አይችልም።

«ማን እንደተደገፈበት ሳይጠይቁ ምሰሶ ይነቅላሉ?» አሉ።

ወዲያው አዳማ ከሚገኘው ቤታቸው ተነሥተው ሄዱና ኮምፒውተሩ ላይ «ወደ አዲሱ እትም እንዳይሻገር» የሚል ወረቀት ለጠፉ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋዲሳ፣ ባለቤትዎ እትዬ እንቁ እንኳ እንዲህ አልተጠበቁም ብሎ ቀለደባቸው።

በዓመቱ አያንቱ የምትባል የኮምፒውተር ባለሙያ ተቀጠረች። ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ልጻፈው ብላ ሦስት ጊዜ ለመነቻቸው። ሦስቱንም ጊዜ፣ በቁሜ አይነካም አሏት። ዓይናቸው ደክሞ ኮምፒውተር ላይ መሥራት ቢያቅታቸውም ቃላቸው አልደከመም ነበር።

ጥርጣሬያቸው በጥቃቅን ነገር ጀመረ። ቀድሞ ደቂቃ የማያዛንፈው መልእክት፣ እሷ ከመጣች ወዲህ አንድ ቀን አምስት፣ ሌላ ቀን አሥር ደቂቃ ይዘገያል። በግንቦት ለአክስቷ ለቅሶ ወለንጪቲ በሄደች ጊዜ ሁለት ቀን፣ የለም፣ ሦስት ቀን ሙሉ ተቋረጠ። ስትመለስ ተመለሰ። ዘበኛው ሰንበታም ልጅቱ ጎህ ሲቀድ ብቻዋን ቢሮውን እንደምትከፍት፣ ወለሉንም በጭቃ ጫማ እንደምታበላሽ ነገራቸው።

መምህሩ ነገሩ ገባቸው። የራሷን ልትተካ የእርሳቸውን እያሰናከለች ነው። ጋዲሳ ዘንድ ሄደው፣ ከእኔና ከእሷ ምረጥ አሉት። ነሐሴ አጋማሽ ላይ አያንቱ ወደ ባቱ ቅርንጫፍ ተዛወረች።

ልትሰናበታቸው አዳማ ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ ክረምቱ እስኪወጣ እንኳ ልቆይ።»

«ምን ልታደርጊ፣ ልጄ? ፕሮግራሙ እንደሆነ ራሱን የቻለ ነው።»

የታሸገ ፖስታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው፤ ዛሬውኑ ያንብቡት ብላ ለመነቻቸው። አራተኛው ልመና መሆኑ ነው ብለው ኮት ኪሳቸው ከተቱት።

በማግስቱ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ስልኩ ዝም አለ። አሥራ ሁለት ተኩልም ዝም አለ። በቆቃ በኩል ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ ሲያጓራ ነው ያደረው።

አበላሽታው ሄደች ብለው የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዙ። ቢሮው ሲደርሱ ኮምፒውተሩ በርቷል፤ ወረቀታቸውም እንደተለጠፈ ነው። የወንዙ ድምፅ ግን ከወትሮው ቀርቦ ይሰማል። ጥፋቷን በገዛ እጇ ጽፋ እንደሆነ ብለው ፖስታውን ቀደዱ፤ መነጽራቸውንም አደረጉ።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ እኔ በተቀጠርኩ በሳምንቱ በራሱ ወደ አዲሱ እትም ስለተሻገረ ፕሮግራምዎ ከዚያ ወዲህ አንድም መልእክት አልላከም፤ ስለዚህ እባክዎ ነገ ጎህ ሳይቀድ ወንዙ ገብቶ ቁጥሩን ከምሰሶው የሚያነብ ሰው በእኔ ቦታ ይላኩ።»