ሁለት ጣት

ልብስ ሰፊዋን ባሏ በሰው ፊት «በር ሙሉ» እያለ ይጠራት ነበር። ሰው ሲስቅ እሷም ሆዷ እያረረ ጥርሷ ይስቃል። በኋላ ሐኪም የምግብ ፍላጎት የሚቀንስ መርፌ አዘዘላትና በየሳምንቱ እየተወጋች ከሳች፤ ረሃብ የሚባል ነገር ጨርሶ ጠፋባት። «ግን የት ገባ?» ብላ ብትጠይቀው፣ ሐኪሙ «ምን ሊያደርግልዎ?» ብሎ ሳቀ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሰማያዊ ቀሚሷን በሁለት ጣት ታጠብበዋለች። ሰኞ ስታነሳው ግን ስፌቱ ተፈትቶ፣ ጨርቅ ተቀጥሎበት፣ በፊት ከነበረውም ሰፍቶ ታገኘዋለች። ልጄ ናት እንዳትል፣ ልጅቱ ቁልፍ እንኳ መትከል አታውቅም። ክሩ ደግሞ መጨረሻው ላይ ሦስቴ ተቋጥሯል። እንዲያ የምትቋጥረው እሷ ብቻ ናት።

ዛሬ ተወግታ ስትመለስ ምሳ ሰዓት ሆኗል። ቀሚሱ ከመስቀያው ላይ የለም። ከውስጥ የባሏ ሳቅ ይሰማል፤ እንዲህ ሲስቅ ከሰማችው ዓመታት አልፈዋል።

«ብዪ እንጂ የኔ በር ሙሉ፣ በሞቴ!» ይላል።

«ተዋት አባዬ፣ ሦስተኛ ሳህኗ እኮ ነው» አለች ልጇ በደስታ።

በሩን ገፋ አደረገችው። ሰማያዊው ቀሚስ ሰፊ ጀርባውን ሰጥቷት፣ ወንበሩን ሞልቶ ተቀምጧል፤ ክርኑ ከሳህን ወደ አፍ ይመላለሳል። ባሏ ዞር ብሎም አላያት። ልጇ ግን ቀና አለችና፣ ደንበኛ በምትቀበልበት ትሕትና እንዲህ አለቻት፦

«እትዬ፣ እናቴ ምሳ ላይ ናት። ትንሽ ይጠብቋት፤ ስትጨርስ ትለካዎታለች።»